ከፋሲል ግንብ ምን እንውረስ? በጎንደር አዲስ ቤት ለሚሠራ ሰው

በጎንደር ቦታ ተመርቶ ወይም ከአባቱ ወርሶ ቤት ለመሥራት የተነሣ ሰው ዲዛይን ሠሪው ዘንድ ሲቀርብ፣ ስለ ስፋቱና ስለ ወጪው ከመነጋገሩ በፊት ከስልኩ ላይ አንድ ሥዕል ያሳያል። ሥዕሉ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ዓይነት አያልፍም። አንደኛው ፊቱ ከላይ እስከ ታች በሚያንጸባርቅ መስታወት የተለበጠ፣ በአዲስ አበባም በዱባይም ሊቆም የሚችል ጂ ፕላስ ሁለት ነው። ሁለተኛው አናቱ ላይ ጥርስ የተደረደረለት፣ ማዕዘኑ ላይ እንቁላል መሳይ ማማ የተቀመጠለት፣ የፋሲል ግንብ ዘመድ ነኝ የሚል ቤት ነው። የመጀመሪያውን የመረጠ ሰው ዘመናዊ ይባላል፣ ሁለተኛውን የመረጠ ቅርስ ወዳድ። ሁለቱ ግን ምርጫቸውን የጀመሩት ከአንድ ቦታ፣ ከቤቱ ፊት ነው። ግድግዳው ከምን ይሠራል፣ የከሰዓት ፀሐይ በየት በኩል ይገባል፣ የክረምቱ ዝናብ ወዴት ይወርዳል፣ ድግስ ሲመጣ ድንኳኑ የት ይተከላል የሚሉት ጥያቄዎች ፊቱ ከተወሰነ በኋላ እንደ ተራ ዝርዝር ይመጣሉ። የዚህ ሐተታ ክርክር ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል የሚል ነው። በጎንደር አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጥንቶቹ ግንበኞች ሊወርስ የሚገባው ቁሳቁሱን፣ የግድግዳውን ዘዴና የግቢውን አደረጃጀት ነው፤ መልኩ ከእነዚህ ተከትሎ ይመጣል።

ለዚህ የመጀመሪያው ምስክር ራሱ ፋሲል ግቢ ነው። አፄ ፋሲል ጎንደርን መናገሻ ካደረጉበት ከ1628 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እስከ እቴጌ ምንትዋብ ዘመን ድረስ፣ ወደ 900 ሜትር በሚጠጋው ቅጥር ውስጥ በየዘመኑ ሕንፃ ተጨምሯል። የፋሲል ግንብ በአራት ማዕዘኑ እንቁላል መሳይ ጉልላት ያላቸው ማማዎች አሉት። ልጃቸው ጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍታቸውን ሲያሠሩ የአባታቸውን ማማዎች ቁጥር በቁጥር አልደገሙም። አድያም ሰገድ ኢያሱ የራሳቸውን ቤተ መንግሥት ሠሩ፣ ዳዊት የዘፈን ቤታቸውን፣ በካፋ የግብር አዳራሻቸውን፣ ምንትዋብ ደግሞ በመስቀል ቅርጽ ያስጌጡትን ግንብ አቆሙ። ከእነዚህ አንዱም የሌላው ግልባጭ አይደለም፤ እያንዳንዱ የተሠራለት ተግባር ቅርጹን ወስኖታል። ይሁን እንጂ ጎብኚ በበሩ ሲገባ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ መሆናቸውን ለመለየት ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። ያስተሳሰራቸው ከአካባቢው የወጣው ጥቁር ድንጋይ፣ ያንን ያያያዘው ኖራ፣ የበርና የመስኮት ቅስት የተሠራበት ቀላ ያለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ እንዲሁም የግድግዳው ውፍረት ነው። ነገሥታቱ እርስ በርሳቸው ሳይገለባበጡ አንድ ስልት አቆዩ። የዛሬው ባለቤት ግን ማማውን ገልብጦ ድንጋዩን ይተዋል።

ሁለተኛው ምስክር ስልቱ የተወለደበት መንገድ ነው። የጎንደርን ግንብ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው የሚሉና ከአገር ቤት የበቀለ ነው የሚሉ ወገኖች ለረጅም ጊዜ ተከራክረዋል። የታወቀው ነገር ሁለቱንም ያጣምራል። ኖራ ማውጣትና ማቃጠል በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ከሕንድ በመጣ ባለሙያ እንደተጀመረ በወቅቱ የነበሩት ኢየሱሳውያን ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1648 ወደ ጎንደር የተላከው የየመን መልእክተኛ አል ሐይሚ የፋሲልን ቤተ መንግሥት የሠራው ግንበኛ ሕንዳዊ መሆኑን መዝግቧል። ድንጋዩን የጠረቡትና ግድግዳውን ያቆሙት ግን በብዛት የአገሩ ሰዎች ነበሩ፤ ከእነሱም መካከል በግንበኝነታቸው ስም ያወጡት ቤተ እስራኤላውያን ይገኛሉ። እንግዲህ «ባህላችን» ብለን የምናከብረው ስልት ከሩቅ የመጣ ዕውቀት የአገር ድንጋይና የአገር እጅ አግኝቶ የወለደው ነው። የጎንደር ፒያሳም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 ጣሊያኖች ከተማዋን የግዛት ማዕከል አድርገው ሲይዙ የልስን ግድግዳ፣ ክብ የሆነ ማዕዘንና አግድም የተዘረጋ መስመር ይዘው መጡ። ፖስታ ቤቱና በዙሪያው ያሉት ሕንፃዎች ያለ ሕዝቡ ፈቃድ ቢቆሙም ዛሬ ጎንደሬው የራሱ አድርጓቸዋል። ስለዚህ መስታወቱ የሚነቀፈው ከውጭ ስለመጣ ሊሆን አይገባም፤ የሚነቀፍ ከሆነ ለዚህ አየርና ለዚህ ኑሮ ስለማይመች ነው መነቀፍ ያለበት።

ሦስተኛው ምስክር ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የተራው ሰው ቤት ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲገባ በሰላም ጊዜ ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ ቤተሰብ እንደሚኖርባት፣ ቤቶቹም በአብዛኛው የጭቃ ግድግዳና ጫፉ የሾለ የሣር ክዳን ያላቸው መሆናቸውን ጽፏል፤ ጣሪያው የሾለበትንም ምክንያት ከዝናቡ ጋር አያይዞታል። ግንብ የንጉሥ፣ የመኳንንትና የቤተ ክርስቲያን ነበር። በቀሃና በአንገረብ መካከል ባለው ኮረብታ ዙሪያ፣ በእጨጌ ቤትም በአቡን ቤትም ሰፈሮች፣ አብዛኛው ሕዝብ የኖረው በምሰሶ፣ በማገርና ጭድ በተለወሰ ጭቃ በተሠራ ጎጆ ነው። ስለዚህ ዛሬ «የአባቶቼን ቤት ልሥራ» ብሎ የግንብ ጥርስ የሚያሠራ ሰው የወረሰው የነገሥታቱን ቤት ነው። የአባቱ ቤት ውርስ የተዳፋው ጣሪያ፣ የወጣው ክፈፍና ሙቀትን ቀስ ብሎ የሚቀበለው ወፍራም ግድግዳ ነበር። ግንቡና ጎጆው በመልክ ምንም ሳይገናኙ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ሁለቱም ወፍራም ግድግዳና ጠባብ መስኮት አላቸው፣ ሁለቱም ቁሳቁሳቸው ከዚያው ከአካባቢው የወጣ ነው።

የፊት ለፊት ቅርስ ምን እንደሚያስከትል ለማየት ከአዲሱ ቤት አናት ላይ ያለውን ጥርስ ቀረብ ብሎ መመልከት ይበቃል። ጥርሱ በብሎኬት ተደርድሮ በሲሚንቶ ይለሰናል፣ ከዚያም ቡናማ ቀለም ይቀባል። የተቀመጠው ሶሌታው ጠርዝ ላይ ነው። ብሎኬቱና ሶሌታው በፀሐይ እኩል ስለማይለጠጡ በመጋጠሚያቸው ቀጭን ስንጥቅ ይፈጠራል። ሰኔ ሲገባ ጥርሱ ዝናቡን በጣሪያው ላይ ይይዘዋል፤ ውኃ ማውረጃው ቱቦ በቅጠልና በአፈር ከተደፈነ ጣሪያው ገንዳ ይሆናል። ውኃው ስንጥቁን ይዞ ወደ ግድግዳው ይወርድና መስከረም ሲጠባ ከኮርኒሱ ማዕዘን ቢጫ እድፍ፣ ከውጭ ደግሞ ጥቁር ሻጋታ ይታያል። መስኮቱ ላይ ያለው ቅስትም እንደዚሁ ነው። ጥንት ግንበኛው ቅስት የሠራው ድንጋይ ጫናን እንጂ መታጠፍን ስለማይችል ነው፤ ተጠርበው የተጋጠሙት ቀላ ያሉ ድንጋዮች የላዩን ክብደት ወደ ግራና ወደ ቀኝ አካፍለው ወደ መሬት ያወርዱታል። በአዲሱ ቤት ክብደቱን የሚሸከመው ፌሮ የገባበት ቢም ሲሆን ቅስቱ ከሥሩ በልስን የተሳለ ነው። የንጉሡም ጥርስ ለክብርም እንጂ ለውጊያ ብቻ አልተሠራም ቢባል እውነት አለው። ግንቡ ራሱን ለማሳየት ተሠርቷል። ሆኖም ያ ትዕይንት ሥራ በሚሠራ ግድግዳ ላይ የተቀመጠ ስለነበር ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ቆሟል። የኛው ጥርስ ደግሞ የተቀመጠበትን ጣሪያ ያበላሻል።

መስታወቱም ከጥርሱ የተሻለ ዕድል የለውም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ብላ፣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ትገኛለች። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፣ በቀረው ዓመት ወደ ደቡብ። በሁለቱም ወገን ከፍ ያለች ስለሆነች በቀላሉ ትከለላለች። በመጋቢት አጋማሽ ቀትር ላይ 80 ሴንቲ ሜትር የወጣ የጣሪያ ክፈፍ ወደ ደቡብ የዞረውን ግድግዳ ከሦስት ሜትር በላይ ያጠላዋል። አስቸጋሪዋ የጠዋትና የከሰዓት ፀሐይ ናት፤ ዝቅ ብላ ስለምትመጣ ክፈፍ አያግዳትም። ስለዚህ በበጋው መጨረሻ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞረ የመስታወት ሳሎን ከስምንት ሰዓት በኋላ ይግላል፤ ባለቤቱም የከፈለበትን ብርሃን በወፍራም መጋረጃ ይዘጋል። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ያው መስታወት የቀኑን ሙቀት ይለቃል። ግማሽ ሜትር የሚሆን የድንጋይ ግድግዳ ግን ሙቀቱን ለሰዓታት አዘግይቶ፣ ቀን ቤቱን ያቀዘቅዝና ማታ ያሞቀዋል። ወደ ደጋው ስንወጣ ስሌቱ ይለወጣል። ከ2,800 ሜትር በላይ ባለችው ደባርቅ ፀሐይ የምትፈለግ እንግዳ ናት፤ እዚያ ወደ ደቡብ የዞረ መጠነኛ መስኮት የጥቅምትንና የኅዳርን ፀሐይ ወደ ቤት ያስገባል። ጎንደር ላይ ጥሩ የሆነው ቤት ዞሮ ደባርቅ ላይ ሳይለወጥ ሊቆም እንደማይገባው፣ የዱባዩም ጎንደር ላይ ሊቆም አይገባውም።

ከድንጋዩና ከፀሐዩ ያላነሰ ጉዳይ የቤቱ ኑሮ ነው። ከውጭ የተቀዳው የቪላ ፕላን ማድ ቤቱን ከሳሎኑ ጋር ያገናኘዋል። ቤቱ ተጠናቆ ሲገባበት ግን ከኋላ በኩል በቆርቆሮ የተከለለ ሰርቪስ ይበቅላል። እንጀራው እዚያ ይጋገራል፣ ጠላው እዚያ ይጠመቃል፣ ወጡም እዚያ ይሠራል፤ ውስጥ ያለው የሚያምረው ማድ ቤት ሻይ ማፍያ ሆኖ ይቀራል። በቤቱ ውስጥ በእርግጥ የሚኖርበት ክፍል በፕላኑ ያልታሰበው ነው ማለት ነው። ሠርግ፣ ተዝካርና ማኅበር ሲመጣም ፕላኑ ለእንግዶች ቦታ ስላልተወ ባለቤቱ ሰፈሩን ለምኖ መንገድ ላይ ድንኳን ይተክላል። ፋሲል ግቢ ለዚህ የሰጠው መልስ ዛሬም ይሠራል። ግብር የሚበላበት አዳራሽ ለብቻው፣ ቤተ መጻሕፍቱ ለብቻው፣ የፈረስ ጋጣው ለብቻው ሆነው በአንድ ቅጥር ውስጥ ተሰባስበዋል፤ በመካከላቸው ያለው ባዶ ቦታ ራሱ የቤቱ አካል ነው። የገበሬውም ግቢ እንደዚሁ ነበር፤ ጎጆው፣ ጎተራውና ጭስ ቤቱ ተለያይተው በአንድ አጥር ይኖራሉ። በ200 ካሬ ሜትር ቦታ ላይም ቢሆን ማድ ቤቱን ከመጀመሪያው ለብቻው አቅዶ፣ በእሱና በዋናው ቤት መካከል ለድንኳን የሚበቃ ግቢ መተው ይቻላል። ይህ ከማማው የበለጠ ጎንደሬ ምርጫ ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከከተማው ገጽታ ይነሣል። ጎንደር የምትታወቀው በግንቧ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ፋሲል ግቢ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው በዚህ ነው፤ እንግዲያው አዳዲሶቹ ቤቶች ግንብ ቢመስሉ ከተማዋ አንድ መልክ ይኖራታል፣ ጎብኚም ይወዳታል ይባላል። አንድ መልክ መፈለጉ ትክክል ነው። ግን በዙሪያው ያለው ሁሉ ማማና ጥርስ ካወጣ እውነተኛው ግንብ ከብዙ መሳዮቹ መካከል አንዱ ይሆናል። ቅርሱን የሚያጎላው ከእሱ ጋር የሚስማማ እንጂ የሚመሳሰል ጎረቤት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር ለጥንታዊ ሕንፃ የሚጨመር ክፍል እንኳ ከጥንቱ እንዲለይ ይጠይቃል፤ ለጎረቤት ቤት ይህ የበለጠ ይሠራል። ለከተማዋ አንድነት የሚያስፈልጉት የሚስማማ ከፍታ፣ ተመሳሳይ ድንጋይና የተዳፋ ጣሪያ ናቸው። እነዚህን የከተማው አስተዳደር ሊመራቸው ይችላል፤ ጥርስና ማማን ግን በደንብ ማዘዝ ባዶ ጌጥ ማብዛት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው፣ እሱም በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ድንጋይ መጥረብ የሰው ጉልበት ይበላል፤ ብሎኬት ፈጣን ነው። ከዚህም በላይ ወፍራም ግድግዳ ቦታ ይወስዳል። ከውጭ 10 በ8 ሜትር የሆነ ቤት ብናስብ፣ ግድግዳው 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ከውስጥ ወደ 73 ካሬ ሜትር ይቀራል፤ 50 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 63። አሥር ካሬ ሜትር ማለት አንድ መኝታ ቤት ነው። በሊዝ ለተገኘ ጠባብ ቦታ ይህ ከባድ ቅጣት ነው። ነገር ግን ድንጋዩ በአራቱም ጎን መሆን አይጠበቅበትም። የጠዋትና የከሰዓት ፀሐይ የሚመታቸውን የምሥራቁንና የምዕራቡን አጫጭር ግድግዳዎች ብቻ በድንጋይ፣ ሌሎቹን በብሎኬት ብንሠራ የሚጠፋው ወደ አራት ካሬ ሜትር ተኩል ይወርዳል። የድንጋዩ ግድግዳ ልስንና ቀለም አይፈልግም፤ በየጥቂት ዓመቱ መታደስም የለበትም። ለድንጋይ ጠራቢውና ለግንበኛው የሚከፈለው ብር እዚያው ከተማ ውስጥ ይቀራል፤ ለሚያንጸባርቅ መስታወትና ለአሉሚኒየም የሚወጣው አብዛኛው ወደ ውጭ ይሄዳል። በጥርስ፣ በማማና በልስን ቅስት ላይ የሚባክነው ገንዘብ ወደ ድንጋዩ ቢዞር ብዙ ባለቤቶች ተጨማሪ ወጪ አይገጥማቸውም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከመሐንዲሶች ይመጣል፤ ፌሮ ባልገባበት የድንጋይ ግድግዳ መሬት ሲናወጥ አይተማመኑም። እ.ኤ.አ. በ1704 የደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ የኢያሱን ቤተ መንግሥት እንደጎዳ ይነገራል፤ ስጋቱ ባዶ አይደለም። መልሱ ድንጋዩ ብቻውን ይሸከም ማለት አይደለም። ኮለንና ቢሙ ክብደቱን ይሸከሙ፣ የድንጋዩ ግድግዳ በመካከላቸው በአግባቡ ታስሮ ይቁም፣ አናቱ ላይ ዙሪያውን የሚያስር ቢም ይለፍ። የዘመኑ ምሕንድስና የጥንቱን ግድግዳ የሚያጠናክረው በዚህ ዓይነት ነው። ማያያዣውንም በተመለከተ ከራሱ ከፋሲል ግቢ ትምህርት አለ። ጣሊያኖች ግንቡን በሲሚንቶና በኮንክሪት ሲጠግኑት ለጥንቱ ግድግዳ የማይስማማ ሥራ ሆኖ ተገኝቶ፣ በኋላ በተደረጉ ጥገናዎች ወደ ኖራ ተመልሷል። ኖራ ለስላሳና እርጥበትን የሚያስተነፍስ በመሆኑ ከድንጋዩ ጋር አብሮ ይኖራል፤ ጠንካራ ሲሚንቶ ግን እርጥበቱን አፍኖ ድንጋዩን ይሸረሽራል። በ2017 ዓ.ም. ግንቡ ሲታደስ በሕዝቡ መካከል የተነሣው ክርክር በአብዛኛው ስለ ቀለሙ ነበር። ስለ ኖራውና ስለ ማያያዣው ያን ያህል ብንከራከር ለአዲሶቹ ቤቶቻችንም የሚጠቅም ዕውቀት እናገኝ ነበር።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከነፃነት ይነሣል፤ «ቤቱ የኔ ነው፣ ገንዘቡም የኔ ነው፣ ምን አገባችሁ?» የሚለው። ይህን ሰው ማስገደድ ስሕተት ይሆናል። ግብፃዊው አርክቴክት ሐሰን ፋቲ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ለጉርና ሰዎች በጭቃ ጡብ ውብ መንደር ሲሠራላቸው፣ ብዙዎቹ ወደ መንደሩ ሊገቡ አልወደዱም፤ ቤቶቹን የሸፈነው ጉልላት የመቃብር ሕንፃ ስለሚያስታውሳቸውም ጭምር ነው። ለሰው የሚበጀውን ከሰው በላይ አውቃለሁ ያለ ባለሙያ ባዶ መንደር ይተርፈዋል። በተቃራኒው በቡርኪና ፋሶ ጋንዶ መንደር የተወለደው ፍራንሲስ ኬሬ ትምህርት ቤቱን ከአገሩ ሰዎች ጋር በአገሩ ሸክላ ሠርቶ፣ ቆርቆሮውን ከፍ አድርጎ በመሥቀሉ ነፋስ በሥሩ እንዲያልፍ አደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የፕሪትዝከር ሽልማት ሲሰጠው ዓለም ያደነቀው ይህን ዘዴ ነው። ሁለቱም በአገር አፈር ሠሩ፤ የለያያቸው ሕዝቡ ራሱን በሥራው ውስጥ ማየቱ ነው። ስለዚህ የጎንደር ባለቤት ምርጫ በሕግ ሳይሆን በዕውቀት ይመራ። በከተማው ያሉ የሥነ ሕንፃ መምህራንና ማዘጋጃ ቤቱ ለ150 እና ለ200 ካሬ ሜትር ቦታ የሚሆኑ፣ ድንጋይ በተመረጡ ግድግዳዎች የሚጠቀሙ፣ ማድ ቤታቸውና ግቢያቸው የታሰበላቸው ሞዴል ፕላኖች አዘጋጅተው በነፃ ቢሰጡ፣ ስልኩ ላይ ካለው ሥዕል ጋር የሚወዳደር ሌላ አማራጭ በባለቤቱ እጅ ይገባል።

ለባለቤቱ የሚቀረው ምክር የቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ቦታው ወዴት እንደሚያይና የከሰዓት ፀሐይ ከየት እንደሚመጣ ይታወቅ፤ ቀጥሎ የክረምቱ ውኃ በተዳፋ ጣሪያ ወዴት እንደሚወርድ ይወሰን፤ ከዚያ ቤተሰቡ በእርግጥ የሚኖርበት ማድ ቤትና ግቢ በፕላኑ ይግባ፤ አራተኛ ድንጋዩ የትኛው ግድግዳ ላይ ቢቀመጥ እንደሚጠቅም በገንዘብ ልክ ይመረጥ። ፊቱ ከእነዚህ በኋላ ይሣል። በዚህ መንገድ የሚሠሩ ቤቶች እርስ በርሳቸው ግልባጭ አይሆኑም፤ የፋሲልና የምንትዋብ ግንብም አልተገለባበጠም። አንዳቸውም ጥርስ ሳያወጡ ከአንድ ድንጋይ፣ ለአንድ ፀሐይና ለአንድ ዝናብ የተሠሩ ከሆኑ፣ ጎንደር የምትፈልገው የአንድ ከተማ መልክ ከእነሱ ይገኛል።